ቃሉን የሰማው እጄ ነው

ስደት ላይ ስምንት ዓመት መኪና ነድቻለሁ። ቀን ታክሲ፣ ማታ ዕቃ ማድረስ። የበረራ ትምህርቱንም የምከፍለው ከዚያው ነው። ከመሪ ጋር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይጠቅመኛል ብዬ ነበር። ጉድ የሠራኝ እሱው ነው።

ሴስና 172 በሚባለው ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ከፊት ያለው መሪ የመኪና ይመስላል እንጂ መሬት ላይ አውሮፕላኑን አያዞርም። የሚያንቀሳቅሰው ክንፎቹ ላይ ያሉትን ኤሌሮን የሚባሉ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ነው፤ እነሱ ደግሞ ዋና ሥራቸው አየር ላይ ነው። መሬት ላይ የሚነዳው በእግር ነው። ቀኙን ፔዳል ስትረግጡ የፊት ጎማውም፣ ጅራቱ ላይ ያለው ሩደር የሚባለው ተንቀሳቃሽ ክፍልም ወደ ቀኝ ይዞራሉ። ፍሬኑም እዚያው ፔዳሉ አናት ላይ ነው። የጽሑፍ ፈተናው ላይ ይህን ሁሉ መልሻለሁ። እግሬ ግን አልተፈተነም።

የዚያን ቀን የምንለማመደው አርፎ ሳይቆሙ መነሳት ነበር፤ «ታች ኤንድ ጎ» የሚሉት። አስተራረፌ እስከዚያ ቀን ካረፍኳቸው ሁሉ የተሻለው ነበር። ለማረፍ ከክንፎቹ ኋላ የዘረጋሁትን ፍላፕ ሰበሰብኩ። ደስታው ነው መሰለኝ፣ ነዳጁን ቀስ ብዬ መስጠት ሲገባኝ በአንዴ ገፋሁት።

እንዲህ ያለ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ሙሉ ጉልበት ሲያገኝ አፍንጫው ወደ ግራ መሄድ ይወዳል። ፕሮፔለሩ የወረወረው አየር እየተጠማዘዘ ሄዶ ጅራቱን በግራ ጎኑ ይመታዋል። የሞተሩ ጉልበትም የግራውን ጎማ ወደ መሬት ይጫነዋል። ቀኝ እግር ሥራ መፍታት የለበትም። የእኔ ፈትቶ ነበር።

አፍንጫው ወደ ግራ ሸሸ። አሰልጣኜ፣ በዕድሜ የምታንሰኝ ልጅ ነች፣ «ራይት ሩደር!» አለች። ሰማኋት። ችግሩ ቃሉ የት እንደደረሰ ነው። ቀኑን ሙሉ የማወራው እንግሊዝኛ ነው፤ ስደነግጥ ግን የማስበው አሁንም በአማርኛ ነው። «ራይት» ወዲያው «ቀኝ» ሆነ። «ሩደር» የሚሆን አማርኛ አጥቶ መንገድ ላይ ቀረ። «ቀኝ» የሚለውን ደግሞ የሰማው እጄ ነው።

መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት፤ መኪና ወደ ግራ ሲስብብኝ እንደማደርገው። ባሰበት። መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር የግራው ክንፍ ኤሌሮን ወደ ታች ይወርዳል፤ አየሩ ክንፉን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ አፍንጫው ጭራሽ ወደ ግራ ይሄዳል። እግሮቼ? ሁለቱም ፔዳሎቹን እኩል ተጭነው ደርቀዋል።

ሣሩ ወደ እኛ ሲመጣ አየሁ። «ማይ ኮንትሮልስ!» አለች። ይህን የሰማ ተማሪ ሁሉንም ይለቃል። ለቀቅኩ። እጄን ማለቴ ነው፤ እግሬን ለማስለቀቅ ሁለተኛ መጮህ ነበረባት። ነዳጁን ዘጋች፣ ቀኙን ፔዳል ረገጠች፣ የግራው ጎማ ሣር ላይ እንዳለ በሁለት የጠርዝ መብራቶች መሃል ቆምን። በእነዚያ መብራቶች መካከል እስከ 60 ሜትር ክፍተት ይኖራል። ስሸመድደው የማይረባ ቁጥር መስሎኝ ነበር።

ታወሩ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ፣ ደህና መሆናችንን ጠየቀ። እሷ መለሰች፤ የእኔ ድምፅ አልነበረም። ማኮብኮቢያው እስኪፈተሽ ተዘጋ። ከኋላችን ሊያርፍ የመጣው አውሮፕላን ከአናታችን በላይ እያጓራ ተመልሶ ወጣ። ከሁሉ ያሳፈረኝ እሱ ነው።

በሚቀጥለው ትምህርት አልበረርንም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በእግሬ ብቻ፣ በቢጫው መስመር ላይ ስናዘግም ዋልን። መጀመሪያ እንደ ሰከረ ሰው ነበር የምዋዥቀው። መሃል ላይ አንድ ነገር ለመንኳት፦ «ራይት ሩደር» አትበይኝ፣ «ራይት ፉት» በይኝ። ሳቀች። ግን እንደጠየቅኳት አደረገች፤ እግሬም መስማት ጀመረ።

ማታ ወደ ሥራ ስሄድ፣ መኪናዬን ወደ ቀኝ ላጥፍ ስል፣ ቀኝ እግሬ ነዳጁን ረገጠው።