ቮልሷ ሦስተኛ ክረምቷን እንዴት አሳለፈች

ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ በሚገኘው ግቢያችን የማቆማት እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች ቮልስዋገን ሦስተኛ ክረምቷን አሳልፋለች፤ ያለ ጉዳት የወጣችው ግን ዘንድሮ ነው። ሰኔ ከገባ የሰፈራችን መንገድ ጭቃ ስለሚሆን እስከ መስቀል አልነዳትም።

በመጀመሪያው ዓመት የፈራሁት ከላይ የሚወርደውን ዝናብ ብቻ ስለነበር፣ ታጥባ በቅጡ ሳትደርቅ በወፍራም ላስቲክ ሸፍኜ ጠርዙን በድንጋይ አስያዝሁት። በመስከረም ስገልጠው የላስቲኩ የውስጥ ገጽ እንደ ድስት ክዳን አልቦ፣ ወንበሮቿ ሻግተው አገኘሁ። የኋላውን መቀመጫ አንስቼ ባትሪውን ሳወጣ ደግሞ ከሥሩ ያለው ወለል ጣቴ ሲነካው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው በኋላ መቀመጫ ሥር በስተቀኝ ስለሆነ፣ የአሲድ ፍሳሽና እርጥበት እዚያ ሲገናኙ ወለሉ የሚያልቀው ባለቤቱ ሳያይ ነው። ያን ብረት አስቆርጬ ሌላ ሳስበይድ እጅግ አዘንሁ፤ ከፋብሪካ አብሯት የወጣ ነበርና።

እርጥበቱ የሚነሳው ከመሬቱ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። በሁለተኛው ዓመት ላስቲኩን መሬት ላይ አንጥፌ ጠጠር አለበስሁት፤ ከላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ሠርቼ ጎኖቹን ለነፋስ ክፍት ተውሁ፤ መኪናዋን አየር በሚያሳልፍ አቡጀዲ ሸፈንኋት። ሻጋታው ቀረ። ሆኖም የእጅ ፍሬኑን ይዤ ስለተውኋት የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት፣ ጋር በዝገት ተጣብቆ የኋላ ጎማዎቿ አልዞር አሉ፤ ታምቡሩን ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያልሁ መትቼ እስካላቅቀው ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አሁን ማርሽ ውስጥ አስገብቼ በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ አደርጋለሁ እንጂ የእጅ ፍሬን አልይዝም።

ዘንድሮ የጨመርሁት የሞተሩን ዝግጅት ነው። ያገለገለ ዘይት አሲድና ውሃ ስለሚያቁር፣ 2.5 ሊትሩን የቀየርሁት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት ነው። ባዶ ቦታ ላይ ጤዛ እንዳይቋጠር የቤንዚን ታንኩን ሞላሁት። ባትሪውን ቤት አስገብቼ በየሦስት ሳምንቱ ለካሁት፤ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ ከ12.4 ሲወርድ ቻርጅ አደረግሁት። አይጥ እንዳይገባ የጭስ ማውጫዎቹን በድስት መፈተጊያ ሽቦ ወትፌ፣ እንዳልረሳው መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርሁ። ጎማዎቹም በአንድ ወገን እንዳይረግጡ በየወሩ ግማሽ ዙር ገፋኋት።

ብዙ ወዳጆቼ በየሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ ማስነሳት ይጠቅማል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ሲጠፋ ከቃጠሎው የወጣው ውሃ ሳይተን በዘይቱና በጭስ ማውጫው ውስጥ ይቀራልና።

በመስቀል ማግስት ሽቦውን ከጭስ ማውጫው አወጣሁ፣ ባትሪውን መለስሁ፤ ዘይቱ ሳይዳረስ ሞተሩ እንዳይነሳም ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠውን የኮይሉን ገመድ ነቅዬ፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሞተሩን በማስነሻው ሞተሪኖ አዞርሁት። ገመዱን ስመልሰው በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። የቀረኝ የሹፌሩ በር ጎሚኒ ነው፤ ደርቆ ስለተሰነጠቀ ከመጪው ሰኔ በፊት እቀይረዋለሁ።