አያት፣ እናትና ልጅ ጎመን ቅጠል ላይ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ካሜራ ላይ ጥቃቅን ነገሮችን አጉልታ የምታሳየውን ትንሿን ማክሮ ሌንስ ሰክቼ ጓሮ ጎመኑ ሥር ተንበረከክኩ። በጠዋት የወጣሁት ነፍሳት ፀሐይ እስክታሞቃቸው ስለሚደነዝዙ ነው። ነፋሱ ግን ፋታ ነሳኝ! በዚህ ቅርበት ጥርት ብሎ የሚታየው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ውፍረት ስለሆነ ቅጠሉ ትንሽ ከተወዛወዘ ሁሉም ይደበዝዛል። ባለሙያዎቹ ትኩረቱን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ብዙ ፎቶ ያነሱና በኮምፒውተር ያዋህዱታል፤ እኔ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ዕድሌን ሞከርኩ።

በዓይን ሲያዩት አመድ የተነሰነሰበት የሚመስለው ቅጠል ለካ ክሽክሽ በሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ተሞልቷል። አመድ ያስመሰላቸው ገላቸውን የሸፈነው ሰም ነው። አንዷ ስትወልድ ደረስኩባት፤ ልጇ በኋላዋ በኩል እየወጣች፣ እግሯን ስታንፈራግጥ! ክሽክሾች አብዛኛውን ጊዜ ያለ ወንድ፣ እንቁላልም ሳይጥሉ ሴት ልጆች ይወልዳሉ። የሚገርመው ደግሞ እናቲቱ ሆድ ውስጥ ያለችው ልጅ ራሷ ሽል መያዟ ነው። ሦስት ትውልድ በአንድ ገላ! ጎመናችን እንዲህ በፍጥነት የሚወረረው ወድዶ አይደለም።

እናቴ ከኋላዬ መጥታ «ፎቶ ከምታነሺው አታጥቢውም?» አለችኝ።

«እማ፣ በናትሽ ይቺን አንድ ቅጠል እስከ ነገ ተዪልኝ።»