በቀን ለምትተኛ ነርስ የሰቀልሁት መጋረጃ

መጋረጃ በመስቀል ሥራ ከቆየሁባቸው ዓመታት እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ስህተት የተፈጸመው፣ ሌሊት እየሠራች ቀን የምትተኛ አንዲት ነርስ ለመኝታ ቤቷ መስኮት መጋረጃ ባዘዘችኝ ጊዜ ነው። የፈለገችው ብርሃን የማያሳልፍ ጨርቅ ያለው የሚጠቀለል መጋረጃ ነበር፤ እኔም ለዓይን ያምራል ብዬ ከግድግዳው ፊት ሳይሆን በመስኮቱ ክፈፍ ውስጥ አስገብቼ ሰቀልሁላት። ሥራው ያለቀው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስለነበር፣ ክፍሉ ጨልሞ ሳየው ረክቼ ወጣሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ደወለችልኝና በደከመ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ አሁንም መተኛት አልቻልሁም፤ እባክህ መጥተህ እየው» አለችኝ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሄጄ በሩን ዘጋሁና በአልጋው ራስጌ ቆምሁ። ጨርቁ እንከን አልነበረውም። ይሁን እንጂ የሚጠቀለልበት ዘንግ በሁለቱም ጫፍ በመያዣ ብረት ላይ ስለሚያርፍ ጨርቁ ከክፈፉ ስፋት በየጎኑ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንስ ነበር፤ በዚያች ክፍተት የገባው ብርሃን ነጩን የክፈፍ ጎን እየመታ ይነጥርና ግድግዳውን ሁሉ ያፈካዋል። በጠራ ቀን ቀትር ላይ የፀሐይ ብርሃን ከቤት ውጭ 100,000 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ስለሚደርስ፣ ከመቶ አንድ እጁ እንኳ 1,000 ሉክስ ይሆናል። የዓይን ቆብም ብርሃንን ሙሉ በሙሉ ስለማያግድ፣ ሌሊቱን ከሕሙማን ጋር ቆማ ያደረች ሴት ዓይኗን ብትጨፍንም ቀን መሆኑ ከአንጎሏ አይሰወርም። የመስኮቱን ስፋትና ቁመት በጥንቃቄ ለክቼ ሳለ፣ በስንት ሰዓት እንደምትተኛ ሳልጠይቃት መቅረቴ በጣም አሳዘነኝ።

መጋረጃውን አውርጄ በራሴ ወጪ ሰፋ ያለ አሠራሁና ከግድግዳው ፊት፣ በየጎኑ ክፈፉን 10 ሴንቲ ሜትር አሳልፌ ሰቀልሁት። የጨርቁ ጠርዞች የሚገቡባቸውን የአሉሚኒየም ቦዮች በግራና በቀኝ ገጠምሁ፤ ዘንጉንም በሣጥን ሸፈንሁት፤ ከላይ የሚገባው ብርሃን ጣሪያውን መትቶ ወደ አልጋው ስለሚመለስ ይህ የማይታለፍ ሥራ ነው። የጨረስሁት ሆን ብዬ በቀትር ነበር። እርሷም አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ለጥቂት ደቂቃዎች ዝም ካለች በኋላ፣ የቀረው በበሩ ሥር የሚታየው ቀጭን መስመር ብቻ መሆኑን ነገረችኝ፤ ለእርሱም ጨርቅ ጠቅልለን አስቀመጥንበት።