ከ50 በመቶ በላይ

በብስክሌት ውድድር በተከለከለ ጉልበት ሰጪ መድኃኒትነት ስሙ የገነነው ኢፒኦ የተባለ ሆርሞን መነሻው ከሰውነታችን ነው። ኩላሊት ያመነጨዋል፣ መቅኔም በእሱ ትእዛዝ ቀይ የደም ሴል ይሠራል። በመርፌ ሲጨመር ደም ብዙ ኦክስጅን ይሸከማል፤ ግን ይወፍራል። ብስክሌተኛው ረጅም ሰዓት አልቦት ውኃ ሲያጥረው ደግሞ ይብስበታል፤ የደም መርጋት አደጋው እዚህ ላይ ነው።

መድኃኒቱን የሚለይ ምርመራ ባልነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የወንዶች ሄማቶክሪት (የቀይ ሴል ድርሻ) ከ50 በመቶ እንዳያልፍ ደነገገ። ያለፈ 15 ቀን ከውድድር ይታገድ ነበር። ገደቡ ግን ለአንዳንዶች ዒላማ ሆነ፦ እስከ 49 መውጣት። መርማሪ ሲመጣ ጨዋማ ፈሳሽ በደም ሥር ገብቶ ደሙን ያቀጥነው ነበር። (ብልሃት ከደንብ ይቀድማል።)

ከ2008 ጀምሮ የደም ፓስፖርቱ፣ ማለትም የብስክሌተኛው የደም ልኬቶች በየጊዜው የሚመዘገቡበት ሰነድ፣ የሚፈልገው መድኃኒቱን ሳይሆን በደም ላይ የተወውን ዱካ ነው። ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የቀይ ሴል ፕሮቲን) ከፍ ብሎ ሬቲኩሎሳይት፣ ማለትም ጨቅላ ቀይ ሴሎች፣ ካነሱ መቅኔው «በቂ አለ» ብሎ ሥራ ቀንሷል፤ ወይ ደም ከውጭ ተጨምሯል፣ ወይ ኢፒኦ በቅርቡ ተቋርጧል።

ጣሊያናዊው ብስክሌተኛ ማርኮ ፓንታኒ በ1998 ጂሮንም (የጣሊያን ዙር ውድድር) ቱር ደ ፍራንስንም (የፈረንሳይ ዙር ውድድር) አሸነፈ። በጁን 1999 ጂሮን እየመራ፣ ሊጠናቀቅ ሁለት ቀን ሲቀረው በጣሊያኗ ማዶና ዲ ካምፒሊዮ ሄማቶክሪቱ 52 በመቶ ተለካና ተባረረ። በወረቀት ቅጣቱ ሁለት ሳምንት ነበር። ከዚያ ግን ድብርትና ኮኬይን ተከተሉት፤ በፌብሩዋሪ 2004 ሪሚኒ ውስጥ፣ በሆቴል ክፍል፣ በ34 ዓመቱ ሞቶ ተገኘ።