መሪውን ከለቀቅኩ በኋላ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዴን ላቆየው ወይስ ልተወው?

የከባድ መኪና ሹፌርነትን ለመተው ከወሰንኩ ወዲህ የሥራ ባልደረቦቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ቀጥሎ ምን እንደምሠራ ሳይሆን መንጃ ፈቃዴን ምን እንደማደርገው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሥራ መልቀቅ በአንድ ደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ ሲሆን፣ የተሳቢ መንጃ ፈቃድ ግን የጽሑፍና የተግባር ፈተና፣ የሕክምና ምርመራና የሥልጠና ወጪ የፈሰሰበት፣ ለብዙዎቻችንም የቤተሰብ እንጀራ ሆኖ የኖረ ሰነድ ነው። በዚህም ምክንያት ሁለቱን ነገሮች ሳንለይ እናያቸዋለን። አንዳንዱ ከሥራው ጋር ፈቃዱንም እርግፍ አድርጎ ይተዋል፤ ሌላው ደግሞ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ እስካለ ድረስ ሥራውን በልቡ ሳይለቅ ዓመታት ያልፉበታል። እኔ ሁለቱ ውሳኔዎች ለየብቻ ሊመዘኑ ይገባል ባይ ነኝ።

ከሁሉ በፊት ሥራውን የምንለቅበትን ምክንያት በግልጽ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ የፈቃዱ ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው በዚያ ነውና። ዓይኑ እየደከመ የመጣ፣ ራሱን የሚስት፣ ወይም ሕክምና ያላገኘ የእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ያለበት ሰው፣ ጉዳዩ የሰው ሕይወት ስለሆነ ፈቃዱን ለክፉ ቀን ብሎ ማስቀመጥ የለበትም። ከቤቱ መራቅ የሰለቸው፣ በጭነት ማራገፊያ ወረፋ ዕድሜው ያለቀበት ወይም በክፍያው ያልረካ ሰው ግን ሌላ ነው። እርሱን ያስመረረው መንዳቱ ሳይሆን የአሠሪው አሠራር ወይም የመስመሩ ርዝመት ሊሆን ይችላል፤ ነገ አጭር መስመር ቢያገኝ ወደ መሪው አይመለስም ብሎ መናገር ይከብዳል። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ። ሥራውን አልጠላሁትም፣ ከልጆቼ ያራቀኝን አኗኗር ግን ከዚህ በላይ መቀጠል አልቻልኩም።

ፈቃድ ማቆየት ማለት ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም። ሕጉ ከአገር አገር ቢለያይም፣ በአብዛኛው ቦታ ካርዱን ሕያው የሚያደርገው ሌላ ሰነድ አለ። በአሜሪካ የንግድ መንጃ ፈቃድ፣ በተለምዶ ሲዲኤል የምንለው፣ ከሕክምና ምስክር ወረቀት ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህም ወረቀት ቢበዛ ለ24 ወራት ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ የደም ግፊትን የመሰለ ክትትል የሚፈልግ ችግር ላለበት ሰው ከዚያም ያጥራል። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ሹፌር ቀኑ አልፎበት ሳያድስ ከቀረ፣ ፈቃዱን የሰጠው ግዛት የንግድ ማሽከርከር መብቱን አንስቶ ወደ ተራ መንጃ ፈቃድ ያወርደዋል። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በፈቃዱ ላይ የሙያ ብቃትን የሚያሳየው 95 የሚለው ኮድ የሚታደሰው በየ5 ዓመቱ የ35 ሰዓት ሥልጠና ለወሰደ አሽከርካሪ ነው። ኮዱ ሲያልፍበት የከባድ መኪናው ምድብ ካርዱ ላይ ቢቆይም በሙያው ተቀጥሮ ጭነት ማመላለስ ግን አይቻልም። በብሪታንያም የ35 ሰዓቱ ሥልጠና በተመሳሳይ መንገድ ሲጠየቅ፣ የከባድ መኪና ፈቃድ ያለው ሰው ከ45 ዓመቱ ጀምሮ በየ5 ዓመቱ የሐኪም ምርመራ ውጤት ማቅረብ፣ ከ65 ዓመቱ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ማሳደስ አለበት።

በሌላ በኩል፣ አንዴ የተተወን ፈቃድ መልሶ ማግኘት የዋዛ አይደለም። በአሜሪካ ከየካቲት 7 ቀን 2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የከባድ መኪና ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ከተመዘገበ አሠልጣኝ ዘንድ ትምህርት ሳይወስድ ለተግባር ፈተና መቅረብ አይችልም። ከዚያ ቀን በፊት ፈቃዱን የያዙ ሰዎች ይህ ግዴታ አይመለከታቸውም፤ ነገር ግን ፈቃዳቸው ረጅም ጊዜ ካለፈበት በየግዛታቸው ሕግ መሠረት ፈተናውን እንደ አዲስ እንዲወስዱ ሊጠየቁ ይችላሉ። ፈተናው ደግሞ የሚከናወነው ፈቃዱ በሚጠየቅበት ዓይነት ተሽከርካሪ ስለሆነ ተሳቢ ያለው መኪና ከየትም ብሎ ማምጣት ግድ ይላል። ሥራ ላይ ላለ ሹፌር ይህ ምንም አይደለም፤ ከሥራ ለወጣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከክፍያውም የሚብሰው ይኼ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ዋጋ አለ። የከባድ መኪና ፈቃድ የያዘ ሰው በገዛ የቤት መኪናው ሲሄድ እንኳ ሕግ በጥብቅ ዓይን ነው የሚያየው። በአሜሪካ አንድ የሲዲኤል ባለቤት በግል መኪናው ጠጥቶ ሲያሽከረክር ተይዞ ከተፈረደበት ለ1 ዓመት ከንግድ ማሽከርከር ይታገዳል። ለተራ አሽከርካሪ የትራፊክ ትምህርት ወስዶ ጥፋቱ ከመዝገብ የሚሰረዝበት ዕድል በብዙ ቦታ ሲኖር፣ የንግድ ፈቃድ ላለው ግን የፌዴራሉ ሕግ ግዛቶች ጥፋቱን እንዲደብቁለት አይፈቅድም። ስለዚህ ዳግመኛ ላይነዳበት ፈቃዱን በዝምታ የሚያሳድስ ሰው የማይጠቀምበትን ሸክም ተሸክሞ እየዞረ ነው። ይህ ለእኔ ከዕድሳት ክፍያው የበለጠ የሚመዝን ነገር ነው፤ ክፍያው በጥቂት ዓመታት አንዴ የሚመጣ ሲሆን ይህኛው ግን በየቀኑ አብሮን ይውላል።

ከሕጉ ባሻገር ሙያው ራሱ ያረጃል። ካርዱ የሚያልፍበትን ቀን በግልጽ ያሳያል፣ እጃችን ግን መቼ እንደዛገ አይነግረንም። በየጠዋቱ የማደርገውን የንፋስ ፍሬን ፍተሻ ለአብነት ላንሳ። መኪናውና ተሳቢው ከተያያዙ በኋላ ንፋሱ እስኪሞላ ይጠበቃል፤ ጎማው በታኮ ተደግፎ ሞተሩ ይጠፋና የማቆሚያ ፍሬኑ ይለቀቃል። ከዚያ የእግር ፍሬኑን ረግጦ ይዞ ለአንድ ደቂቃ የግፊት መለኪያውን ማየት ነው፤ ተሳቢ ባለው መኪና ላይ መርፌው ከ4 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ አሃድ) በላይ መውረድ የለበትም። ቁልፉን አብርቶ ፍሬኑን ደጋግሞ እየረገጡ ንፋሱን ሲያወርዱት ግፊቱ ከ55 ከመውረዱ በፊት ማስጠንቀቂያው መጮኽ ወይም መብራት አለበት፤ መርፌው ከ20 እስከ 45 ባለው መካከል ሲደርስ ደግሞ የማቆሚያ ፍሬኑ እጀታዎች በራሳቸው ብቅ ብለው ይወጣሉ። ይህንን በቃል የሚያውቅ ብዙ ነው። ነገር ግን ልምድ ያለው ሹፌር መርፌውን ከማየቱ በፊት ከተሳቢው ሥር የሚወጣውን ቀጭን የንፋስ ፉጨት ይሰማል፣ የትኛው ቱቦ ላይ እንደሆነም ሳይጎነበስ ይገምታል። ያ ጆሮ ከሥራው በራቀ ጊዜ ይደክማል። ተሳቢን ወደ ኋላ መንዳትም እንዲሁ ነው፤ መሪው ወደ ግራ ሲዞር ተሳቢው ወደ ቀኝ እንደሚሄድ ማንም ያውቃል፣ ስንት እንደሚዞርና መቼ እንደሚመለስ የሚያውቀው ግን እጅ ነው።

ቀጣሪዎችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ሥራ ላይ ያልተጠቀመበትን ፈቃድ ይዞ የሚመጣን ሰው የሚጠይቁት ካርድ አለህ ወይ ብለው ብቻ ሳይሆን፣ በቅርብ ጊዜ የነዳኸው ምንድን ነው ብለው ነው። ብዙ ድርጅቶች ረጅም ክፍተት ያለበትን ሹፌር የማደሻ ሥልጠና እንዲወስድ ወይም ከአሠልጣኝ ጋር እንዲሠራ ያደርጋሉ። እንግዲህ ፈቃዱን ማቆየት የሚያስገኘው ጥቅም የመመለሻውን በር ሙሉ በሙሉ አለመዝጋት ብቻ ነው፤ በሩን ወለል አድርጎ አይከፍተውም። ይህን የማያውቅ ሰው ፈቃዱን ከሚገባው በላይ ይተማመንበታል፣ በአዲሱ ሥራው ላይ የመጀመሪያው መሰናክል ሲገጥመውም ሐሳቡ ወዲያው ወደ ጋቢናው ይሸሻል። አብረውኝ ከሠሩት ሰዎች መካከል አዲስ ሙያ ጀምረው ሳይጸኑበት የተመለሱትን አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹ ደስ ብሏቸው ነው የተመለሱት፣ አንዳንዶቹ ግን ሌላውን ሙያ በቅጡ ሳይሞክሩት መመለሳቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የእኔን ውሳኔ ልንገራችሁ። ዋናውን የተሳቢ ፈቃድ አሁን ያለው የሕክምና ወረቀቴ እስኪያልቅ አቆየዋለሁ። ያ ቀን ሲደርስ አዲሱ ሥራዬ ከቆመልኝ ሳላሳድስ እተወዋለሁ፤ ካልቆመልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ተመርምሬ አሳድሳለሁ። ገደቡን ከአሁኑ ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ፤ ውሳኔው የቤታችንም ስለሆነ ቀኑ ሲደርስ አብረን እንድናየው ነው። ነዳጅና ኬሚካል የመሳሰሉ አደገኛ ጭነቶችን ለማጓጓዝ የሚሰጠውን ተጨማሪ ፈቃድ ግን ከአሁኑ ትቼዋለሁ። ለምሳሌ በአሜሪካ ይህ ፈቃድ በየ5 ዓመቱ የጣት አሻራና የደኅንነት ማጣሪያ፣ ሲታደስም የጽሑፍ ፈተና ይጠይቃል፤ ለማይሠሩበት ነገር ይህን ሁሉ መድከም ትርጉም የለውም።

ለሚለቁ ሁሉ አጥብቄ የምመክረው፣ ፈቃዱን ያቆዩትም የተዉትም፣ ከድርጅቱ ከመውጣታችሁ በፊት የራሳችሁን መረጃ መሰብሰብ ነው። አሁንም በአሜሪካው ሕግ ለማስረዳት፣ የንግድ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ መኪና ለመንዳት የሚያመለክት ሰው ያለፉትን 3 ዓመታት የሥራ ታሪኩን፣ ከዚያ በፊት ባሉት 7 ዓመታት ደግሞ ከባድ መኪና የነዳባቸውን ቦታዎች መዘርዘር አለበት። ቀድሞ ያሠራው ድርጅት ግን የሹፌሩን ፋይል የማስቀመጥ ግዴታ ያለበት ከለቀቀ በኋላ ለ3 ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉ ቢወገድ የሚጠየቅ የለም። የሥራ ልምድ ደብዳቤ የነዳችሁትን የመኪና ዓይነት፣ የተሳቢውን ዓይነትና የሠራችሁበትን ጊዜ በግልጽ የሚጠቅስ ይሁን። የሕክምና ምስክር ወረቀቱንና የሥልጠና ሰርተፍኬቶቹን ቅጂ አብራችሁ ያዙ፣ የማሽከርከር መዝገባችሁንም ከመንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አውጡ፤ ስሕተት ካለበትም ለማስተካከል የሚቀለው የሚያስታውሱ ሰዎች ቢሮው ውስጥ ሳሉ ነው።