ወገብ ሲያም ቀልብ ለምን ይበተናል? ሥራዬን ያስተካከልኩበት መንገድ

ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። የወገቤ ሕመም እዚያ ሲደርስ ከመቀመጥ በላይ ያስቸገረኝ ቁጥር መያዝ ነው። ከቫውቸር ላይ 48,350 አንብቤ ወደ ኮምፒዩተሩ ስዞር 43,850 እጽፋለሁ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የመርሳት በሽታም አይደለም። ሕመም የአደጋ ደወል ስለሆነ አንጎል ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ያዳምጠዋል። ቁጥርን ለአፍታ ይዞ በማቆየት የሚሳተፈው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ ሕመምን በመቆጣጠርም ይሠራል። ደስ የሚለው፣ ሕመሙ በዚህ ክፍል ላይ የሚያደርሰው ለውጥ ሊስተካከል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሞንትሪያል የወጣ ጥናት የወገብ ሕመማቸው በሕክምና በተሻላቸው ሰዎች ላይ ይኸው ክፍል መልሶ ሲወፍርና አሠራሩም ሲስተካከል አሳይቷል።

መጀመሪያ ምንም ሳልቀይር 5 ቀን ለካሁ። ስቀመጥ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ሰጥቼ፣ በ2 ነጥብ የጨመረበትን ደቂቃ መዘገብኩ፦ 28፣ 35፣ 22፣ 30፣ 25። አማካዩ 28 ነው። ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛውን ቀንሼ 22 ደቂቃ ያዝኩ። ስልኩ ሲጮኽ ባያመኝም እነሳለሁ፤ 5 ደቂቃ ኮሪደር ላይ ተራምጄ እመለሳለሁ።

ከባዱ ይህ «ባያመኝም» የሚለው ነው። እስኪያመኝ ከጠበቅኩ ማቆሚያዬ ሕመሙ ይሆናል፤ አንጎሌም መጣ አልመጣ እያለ ወገቤን ሲጠብቅ ይውላል፣ ለሒሳቡ የሚተርፈው ግማሽ ቀልብ ነው። ሰዓት ሲያስነሳኝ ግን መጠበቁ ይቀራል። ሌላው ስህተት ደህና በዋልኩበት ቀን «ዛሬስ ልጨርሰው» ማለት ነው፤ 2 ሰዓት በአንዴ ተቀምጬ 2 ቀን እተኛበታለሁ። አሁን በሳምንት 2 ደቂቃ ብቻ እጨምራለሁ፤ ሕመሙ ከወትሮው ከበረታ ባለበት አቆየዋለሁ።

መድኃኒትም ያደነዝዛል። ለሕመም የሚታዘዙት ትራማዶል፣ ጋባፔንቲንና አሚትሪፕቲሊን ሦስቱም ጭንቅላት ሊያከብዱ ይችላሉ። ማታ 4 ሰዓት የምወስደውን 10 ሚሊግራም አሚትሪፕቲሊን ከሐኪሜ ጋር ተነጋግሬ ወደ 2 ሰዓት ሳመጣው የጠዋቱ ድንዛዜ ቀለለኝ። ሐኪም ሳያማክሩ መጠን መቀየርም ሆነ በአንዴ ማቆም አይገባም። ሽንት ከተያዘ ወይም ካመለጠ፣ በጭን መሐል ከደነዘዘ፣ እግር ከከዳ ደግሞ ይህን ሁሉ ትቶ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

ቁጥሩን አሁን ከፍዬ ጮክ ብዬ አነባለሁ፦ «48 ሺህ፣ 350»። ማመሳከሩን ሕመሙ ቀለል ለሚለኝ ለጠዋት አቆየዋለሁ። ሒሳቡ አልዘጋ ካለ ልዩነቱን ለ9 አካፍላለሁ፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ መጀመሪያ የምፈልገው ቦታ የተቀያየሩ አሃዞችን ነው። 48,350 ሲቀነስ 43,850፣ 4,500፤ ለ9 ሲካፈል 500።