የድሮ በር ቀለም በግራይንደር ማንሳት፦ እስካሁን የደረስኩበት

የሳሎኑ በር አለቀ። ለዓመታት በዘይት ቀለም ላይ ዘይት ቀለም ሲደረብበት የኖረው ጽድ አሁን ቀይ መስመሩ ወጥቶ ይታያል። እጅ ሲያልፍበትም አይሻክርም። ደስ ስላለኝ ነው የምጽፈው። አዲስ አበባ ውስጥ የእንጨት በርና መስኮት ያለው አሮጌ ቤት ለምታድሱ፣ የሠራልኝንም ያስቸገረኝንም ላካፍላችሁ።

መነሻውን ባጭሩ ልለፈው። ማጠፊያና እጀታ ይፈታል። በሩ ከመቃኑ ወርዶ ካቫሌቶ (ባለ እግር የእንጨት መደገፊያ) ላይ ይጋደማል። የምስማር ራስ ካለ ወደ ውስጥ ይመታል፤ ዲስኩ ምስማር ካገኘ ወረቀቱ ይቀደዳል። የተሰነጠቀውና የተነሳው ቀለም በስፓቱላ ይጠረጋል። ከዚያ ግራይንደሩ (ዲስክ የሚያሽከረክረው የእጅ ማሽን) ላይ የጎማ ፓድ፣ ከፓዱ ላይ ክብ የብርጭቆ ወረቀት። የብረት መሞረጃ ድንጋይ እንጨት ላይ የምታስጠጉ፣ እባካችሁ ተዉት። እንጨቱን ያቃጥለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ወረቀቱ ይደፈናል።

ተራው ባለ 115 ሚሊ ሜትር ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል። ይህ ፍጥነት የብረት ሥራ ፍጥነት ነው። ዘይት ቀለም ላይ ሲያርፍ ሰበቃው ያሞቀዋል። በዱቄት መልክ መብነን የነበረበት ቀለም ይለሰልስና ወረቀቱ ላይ ይጋገራል። ምልክቱ አይጠፋም። መጀመሪያ ሽታው ይቀየራል። አቧራው ይቀንሳል። ቀጥሎ በሩ ላይ የሚያብለጨልጭ ጭረት ይወጣል። ማሽኑን አጥፍታችሁ ወረቀቱን ብታዩት ጠርዙ ዙሪያ ጥቁር ቅርፊት ተለጥፏል፤ በጥፍር ብትፍቁት አይነሳም። ከሥሩ ያለው አሸዋ ገና ስለታም ነው፣ ግን ቀለሙን አይነካውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ማሽኑን ይጫናል። መጫን ሙቀት ይጨምራል እንጂ ቀለም አያነሳም።

ለእኔ መፍትሔ የሆነው ፍጥነት መቆጣጠሪያ ያለው ግራይንደር ነው። ዋጋው ከተራው ይበልጣል፤ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ሌላ አልመክርም። ወደ 3,000 ዝቅ ሲል ቀለሙ ሳይቀልጥ ይፈረፈራል። ሁለተኛው የወረቀቱ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሸዋው ሻካራ ነው። እንጨቱ እንዳይጎዳ ብለው በ80 የሚጀምሩ አሉ። አልስማማም። የ80 አሸዋ ደቃቅ ስለሆነ በመካከሉ ያለው ክፍተት ወዲያው ይሞላል። በ36 ወይም በ40 ጀምሩ፣ እንጨቱ ብቅ ማለት ሲጀምር ወደ 60 ሂዱ። ወረቀቱ መደፈን ሲጀምር ደግሞ የሚዞረውን ዲስክ የቆየ ጫማ ክሬፕ ሶል (ለስላሳ የጎማ ሶል) ላይ ቀስ ብላችሁ አስነኩት። ቅርፊቱን ጎማው ይዞት ይወጣል። ይህ ብቻ ብዙ ወረቀት አትርፎልኛል።

አያያዙም ትዕግሥት ይፈልጋል። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ ካስተኛችሁት ይዘላል፤ በጣም ካዘነበላችሁት በጠርዙ ይቦረቡራል። ትንሽ ብቻ ዘንበል። ማሽኑ እየዞረ እንጨቱን ይንካ፣ እየዞረም ከእንጨቱ ይነሳ። አንድ ቦታ አታቁሙት። በደንብ ሲሄድ ቀለሙ ሽፋን በሽፋን ይከፈታል፦ ላይ ክሬም፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቡናማ፣ በመሃል ቀዩ ጽድ። ጽዱን ስታዩ ወዲያው ከዚያ ቦታ ውጡ። ዲስክ የሚተወው ግማሽ ክብ ጭረት ቫርኒሽ ሲቀባ ይጎላል። ስለዚህ እኔ የመጨረሻውን ስስ ሽፋን በማሽን አልነካውም። በእጅ ፍቄ፣ በ120 ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትዬ እጨርሳለሁ። መብራት ሲጠፋም ያው የእጅ ሥራ ይቀጥላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ እሱም ሊድ ነው፤ በድሮ ቀለም ውስጥ ይገባ የነበረው መርዛማው ብረት፣ እርሳስ። አሜሪካ ለቤት የሚሆን ሊድ ያለው ቀለም የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ጋ በቀለም ውስጥ ያለውን ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የገደበው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ የቆየ ዘይት ቀለም ሁሉ ይጠረጠራል። እኔ የምጠቀምበትን መመርመሪያ ዘመድ ነው ከአሜሪካ ያመጣልኝ። ቀለሙን እስከ እንጨቱ ቆርጦ ሁሉንም ሽፋን ማስነካት ያስፈልጋል፤ ሊዱ ብዙ ጊዜ ያለው ከታች ነው። የሳሎኑ በር ነጻ ነበር። የጓዳው በር ግን ሊድ አለበት፤ ስለዚህ እዚያ ማሽን አይገባም። ውሃ እየረጨሁ በእጅ ነው የምፍቀው።

ግራይንደር ሊድ ያለውን ቀለም ወደ ረቂቅ አቧራ ይለውጠዋል፣ አቧራው ደግሞ ግቢውን ሁሉ ያዳርሳል። የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። በርበሬ ወይም እህል የተሰጣበት፣ ልጅ የሚድህበት ግቢ ውስጥ ይህን ማድረግ በፍጹም አይገባም። ሊድ ባይኖርም እንኳ መሬቱን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ በደረቁ አትጥረጉ፣ የሥራ ልብሳችሁን ለብቻው እጠቡ። የጨርቅ ማስክ ይህን አቧራ አያቆምም፤ ኤን 95 ወይም ከዚያ የተሻለ ይሁን። ማስኩ መነጽሬን ጉም እያስያዘ በጣም ያናድደኛል። ቢሆንም አላወልቀውም።

ቀጣዩ የመኝታ ቤቱ መስኮት ነው። ሊድ የለበትም፣ ግን ርብራቡ በጣም ቀጭን ስለሆነ ዲስክ መሃሉ አይገባም። የቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካል እያሰብኩ ነው፤ ሙጫውን እንዳይፈታው ግን እሰጋለሁ። እንዲህ ያለ መስኮት የሠራችሁ ካላችሁ፣ በምን እንዳጸዳችሁት ጻፉልኝ።